አደባባዩ የማን ነው?

መጽሐፍ ካልጣመን እናጥፈዋለን። ቴአትር ከሰለቸን ጨለማውን ተገን አድርገን ሹልክ እንላለን። ሥዕልም ቢሆን ያው ነው፤ ወደ አዳራሹ በገዛ እግራችን ካልገባን ማንም ጎትቶ አያስገባንም። በመንገዳችን ላይ የተተከለ ግዙፍ ቅርጽስ? እሱን እንዴት አድርገን እናጥፈው? ጧት ስናልፍ እዚያው ነው፤ ማታ ስንመለስም እዚያው።

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብን ከመካከላችን አንዱ ነው። በቸርችል ጎዳና ስናልፍ ወደ ትግላችን ሐውልት አሻቅቦ አየና «ለመሆኑ ይህን የሚያህል ነገር ሲቆም በሥሩ የሚያልፈውን ሰው ማን ጠየቀው?» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አንተን አስፈቅዶ የተሠራ ምን ነገር አለ? ይልቅ ቀና ብለህ እይበት!» አለው። ሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም፤ ተከትሎን ዶርም ገባ። ክርክሩ ዱላ ቀረሽ ሆኖ አመሸ። ለእናንተም ልናካፍላችሁ የወደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሐሳባችን መንደርደሪያ እንዲሆነን ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ የደረሰ አንድ ጉዳይ እናንሣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በከበቡት ፌዴራል ፕላዛ በሚባለው አደባባይ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ሴራ የተባለው አሜሪካዊ ቀራጺ በመንግሥት ትእዛዝና ገንዘብ አንድ ሥራ አቆመ። ስሙን «ቲልትድ አርክ» አለው፤ እኛ «የዘመመው ቅስት» እንበለው። ጀግና የለበት፣ ፈረስ የለበት፣ አንበሳ የለበት! 36 ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ ሆን ተብሎ እንዲዝግ የተተወ የብረት ግድግዳ ነው። ጎበጥ፣ ዘመም ብሎ አደባባዩን ለሁለት ይከፍለዋል።

የሴራ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ሐውልት ከሩቅ ቆመን የምናደንቀው ነገር ብቻ መሆን የለበትም። በአጠገቡ ስንራመድ ግድግዳው አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ አንዴም ወደ እኛ የሚወድቅ ይመስላል። ያን ጊዜ መንገደኛው የገዛ አካሄዱንና የቆመበትን ቦታ ያስተውላል። ሥራው ለዚያ አደባባይ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነም፣ ከዚያ ማንሣት ማለት ለሴራ ሥራውን ማጥፋት ማለት ነበር።

በአካባቢው የሚሠሩት ሰዎችስ? ቀጥ ብለው ያቋርጡት የነበረውን አደባባይ አሁን መዞር ግድ ሆነባቸው። ዓይናቸው እንደ ልቡ ይሄድበት የነበረውን ሜዳ ዝገት ጋረደባቸው። አቤቱታ በዛ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 ለሦስት ቀናት በተካሄደ ይፋ ስብሰባ ላይ 180 ሰዎች ተናገሩ፤ 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ አሉ። የስብሰባው ዳኞች ግን በ4 ለ1 ድምፅ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረቡ። ሴራ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1989 ሌሊት ግድግዳው በሦስት ተቆርጦ ተወሰደ።

እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ብዙኃኑ ይቆይ እያለ መነሣቱ ግፍ ነው» አልን። «ደግሞስ አዲስ ነገር መጀመሪያ ሲታይ የማያስጠላው መቼ ነው? የለመድነው ብቻ ይቁም ከተባለ እስከ ዘላለም ከፈረሰኛ ሐውልት አንወጣም» ስንል ተከራከርን። የቀሩት ደግሞ «ድምፁ እንዴት ነው የሚመዘነው?» አሉ። «አንዱ ከሩቅ መጥቶ አንድ ቀን ያደንቃል፤ ሌላው በዓመት ሦስት መቶ ቀን ይዞረዋል። የሁለቱ ቃል እኩል ነው?» ለዚህ መልስ አጣን፤ እንዳጣንም አለን።

ከዚህ ይልቅ ያስጨነቀን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንቃት ይገባል ወይ? ይህ የሴራ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። እኛ ተማሪዎች ሌላውን ማንቃት እንወዳለን። ግጥም ስንጽፍ አንባቢው ካልደነገጠ የጻፍን አይመስለንም። አንባቢው ግን ደክሞት ከሥራ የሚመለስ፣ የራሱ ሐሳብ ያለው ሰው መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

እስቲ ሌላ ግድግዳ እንመልከት። ዋሽንግተን ውስጥ በቬትናም ጦርነት ለሞቱት አሜሪካውያን መታሰቢያ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1980 ውድድር ወጣ። ስም ሳይገለጽ ከቀረቡት 1,421 ንድፎች መካከል ያሸነፈው የማያ ሊን ነበር፤ የ21 ዓመት ወጣት፣ እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በ1982 ተመረቀ። ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የተቀበረ ጥቁር የግራናይት ግድግዳ ነው። ከ58,000 በላይ ስሞች በሞቱበት ቅደም ተከተል ተቀርጸውበታል። ድንጋዩ እንደ መስተዋት ስለ ተወለወለ፣ ስም የሚያነበው ሰው የገዛ ፊቱን በስሞቹ መካከል ያያል። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ እያሻሸ የልጁን ስም ገልብጦ የሚሄድም አለ።

ይህም ቢሆን በእልልታ አልተቀበሉትም። ጥቁር ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ጀግና የለበትም ተብሎ ተወገዘ። ግን አልተነሣም። በ1984 የፍሬድሪክ ሃርት የሦስት ወታደሮች የነሐስ ሐውልት በአቅራቢያው ተጨመረ። ሊን መጨመሩን ተቃውማ ነበር፤ ቢሆንም ግድግዳዋ ቆመ።

ሁለቱም ግድግዳዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተወግዘዋል። ልዩነታቸው የት ላይ ነው? የሊን ግድግዳ ለሚመጣው ሰው የሚያደርገው ነገር ይሰጠዋል፦ ያነባል፣ ይዳስሳል፣ ያለቅሳል፣ ከፈለገም ይቆጣል። የሴራው ግን መንገደኛውን እንዲዞር አደረገው፤ ለምን እንደሚዞር ያወቀው ጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ ያ ነገር ቆስቋሽ ጓደኛችን አቋረጠን። «ቆይ፣ ቆይ! ወደ መታሰቢያው የሚሄደው አስቦ የሄደ ነው። ፌዴራል ፕላዛን የሚያቋርጠው እኮ ሥራ የረፈደበት ነው። አይነጻጸሩም!» እውነቱን ነው። ነገር ግን ሐሳባችንን አጠናከረልን እንጂ አላፈረሰብንም። ተመልካቹ ሳይመርጥ የሚያገኘው ሥራ ከሆነ የቀራጺው ዕዳ ይበልጥ ይከብዳል።

ወደ ደጃችን እንመለስ። ትግላችን እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የቆመ፣ 50 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልት ነው። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ያቆመው መንግሥት በ1991 ወደቀ፤ በዚያው ዓመት የሌኒን ሐውልትም ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ ትግላችን ግን ቀረ። ከሥሩ ቆሞ ቀና ለሚል ሰው ቁመቱ ቀድሞ ይናገራል፤ አንገት ሳይታመም አይታይም። የሞተው ወታደር እናት ብትመጣ ዓይኗን የት ታሳርፍ? ይህን መጠየቅ ሐውልቱን መናቅ አይደለም፤ የሞቱትን ማክበር ነው።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ቀራጺ እኛን ማስደሰት ግዴታው አይደለም፤ ሥራውን ከመትከሉ በፊት ግን ከመንገደኛው ጋር መንገዱን ደጋግሞ ሊሄድበት ይገባል። እኛም «ይነሣ!» ከማለታችን በፊት ሥራውን ዞር ዞር ብለን የማየት ግዴታ አለብን። መነሣት ካለበትም በቀን፣ ምክንያቱ ለሁሉም ተነግሮ ይነሣ።

ያ ጓደኛችን በማግሥቱ ብቻውን ወደ ትግላችን ሄዶ ነበር። «ዞርኩት፤ አሁንም አልወደድኩትም» አለን።

«ታዲያ ይነሣ?» አልነው።

ዝም አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?