ቆሞ እግር ማጠብ አይቻልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን (ሉቃ. 10) ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን ሰው አይተውት አልፈዋል። ሳምራዊው ግን ቀረበው፤ አህያውንም ለቁስለኛው ለቀቀለት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አህያውን ከለቀቀ የቀረውን መንገድ በእግሩ ተጉዟል ማለት ነው። ርኅራኄ እንዲህ ቦታ ያስለቅቃል።

በአገራችን ትምህርትን ከአገልግሎት ጋር ማያያዝ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ትምህርታቸው ግን ቀርቶልናል። ትእዛዝ እግርን ገጠር ያደርሳል፤ ልብን የሚያደርሰው ግን ፍቅር ነው።

ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሥራቸው አድርገውታል። እኛም በክረምት ሕፃናትን እናስጠናለን፤ የአረጋውያንን ጎጆ እናድሳለን። ታዲያ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ብንመለስ ምን ተማርን ይባላል? አርፍዶ የሚመጣውን ሕፃን «ሰነፍ» ማለት ቀላል ነው፤ «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ይባል የለ? ቀርበን ብንጠይቀው ግን ሌሊት ውኃ ሲቀዳ እንዳነጋ፣ ወይም ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ ይነግረን ይሆናል። ያን ጊዜ መምህሩ ሕፃኑ፣ ተማሪዎቹ እኛ እንሆናለን። ድህነትን በመጽሐፍ ያጠናን ሁሉ ይህን ትምህርት ከእርሱ እንጂ ከሌላ አናገኘውም።

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት እንጸልይ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ከራሳቸው አፍ እንስማ። ስንደርስም አብረን እንቀመጥ፤ ያቀረቡልንን ቆሎ አንናቅ። ስንመለስ ሪፖርቱን ከመጻፋችን በፊት «ምን ሰጠን?» ከማለት «ምን ተቀበልን?» ብለን እንወያይ።

ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ከማዕድ ተነሥቶ ዝቅ አለ (ዮሐ. 13)። ቆሞ እግር ማጠብ አይቻልምና እኛም ዝቅ እንበል። ለዚህም የእርሱ ቸርነት ይርዳን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።