ስለ ቆየ የንግድ ቤት ፊት

የንግድ ቤት ፊት ከቀሩት የቤቱ ክፍሎች የተለየ ጠባይ አለው። ባለቤቱ በግንቡና በጣራው ይጠለላል፤ ፊቱን ግን ዘወትር የሚያየው እርሱ ሳይሆን መንገደኛው ነው። እንግዲህ ቤቱ ባረጀ ጊዜ ፊቱን የማደስ ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል? ከታደሰስ በኋላ ውስጡ ባዶ ቢሆን ያ ፊት እውነት ይናገራልን?

ይህ ጥያቄ ለቴፒ ነጋዴ እንግዳ ሊመስለው አይገባም፤ በቡና የሚኖር ከተማ የሚለማውም የሚቀዘቅዘውም በቡናው መንገድ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ምክንያት በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በቆመ ጊዜ፣ የምዕራብ ቡና በጎሬ በኩል ወርዶ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ ጎሬም በነጋዴ የተሞላች ነበረች። ንግዱ ያን መንገድ በተወ ጊዜ ግን ገበያዋ ቀዘቀዘ። የነጋዴ ቤት የሚቆመው በኖራና በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በደጁ በሚመላለሰው ሰው ጭምር ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ አበባ በአራዳ ነው። በዚያ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ከአገሬው ነጋዴ ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው፣ በታች የሚሸጥበት በላይ የሚኖሩበት፣ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ሠርተው ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በኪራይ ተከፋፈሉ። ኪራዩ ለድኻ የሚቻል መሆኑ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ተከራዩ የራሱን ክፍል ሲደፍን፣ የሁሉ የሆነው ሰገነት የማንም ሳይሆን ቀረ፤ እንጨቱም በዝናብ በሰበሰ። በዚህ ተከራዩን የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ግን ነገ ይኑርበት አይኑርበት በማያውቀው ቤት የሰገነት ዕዳ ይጫንበት አልልም።

በዚያው ሠፈር በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከፊሉ ተቃጠለ። በኋላም ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። በተቃጠለው እንጨት ፈንታ አዲስ እንጨት ስለ ገባ ሆቴሉ ሐሰተኛ ሆነ የሚል አልተገኘም፤ እንግዳ ይበላበታል፣ ያድርበታልና።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሠፈር ሄደ፤ በመንገዱ ዳር ከቀሩት የቆዩ ቤቶች አንዳንዶቹ ፊታቸው ታደሰ። መንገዱ መስፋቱን፣ ቀለሙም ማማሩን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ካህናት የሚያውቁት ሥርዓት አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ታቦቱ በመቃኞ ይቆያል፤ ሥራው ሲፈጸም ይመለሳል። ሕንፃው ምንም ቢያምር ታቦቱ ሳይመለስ ሥራው ተፈጸመ የሚል የለም። የነጋዴ ቤት ከመቅደስ ጋር አይተካከልም፤ ቢሆንም ለወርቅ ሠሪውና ለልብስ ሰፊው የሚቆዩበት ሱቅና የመመለሻ ውል ሳይሰጣቸው ግንቡ ብቻ ቢቀባ፣ ፊቱ የሌለ ሰው ስም ይዞ የቆመ ይሆናል።

ስለ ወጪው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ደንግጓል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጨውና ሳሙና ቸርችሮ የሚያድር ባለ ሱቅ የጥንቱን ሰገነት መልሶ የሚሠራ አናጢ በምን ይቀጥራል? መንገደኛው የሚያየውን መንገደኛው ይካፈለው፤ ይኸውም ማዘጋጃ ቤቱ ከሚሰበስበው ግብር የአናጢውን ዋጋ እኩሌታ ቢከፍል፣ ባለ ሱቁም በቤቱ ለብዙ ዓመት ሊነግድ ውል ቢገባ ነው። ቴፒም የዛሬው የእንጨትና የጭቃ መደብሯ ሳያረጅ ይህን ውል አስቀድማ ልትጽፈው ትችላለች።