ይርጋና የባለዕዳ ኅሊና

ዕዳ በዘመን ብዛት ይሞታልን? የሕግ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የሚሞተው ክሱ ነው እንጂ ዕዳው አይደለም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1845 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር በውል ለተገባ ግዴታ የ10 ዓመት ይርጋ ወስኗል። ምስክር ይሞታል፤ ደረሰኝ ይጠፋል፤ የከፈለም ሰው መክፈሉን ለማስረዳት ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲጠብቅ ሊኖር አይገባውም። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያሻም።

የሚያከራክረው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ሕጉ በቁጥር 1856 ዳኛው በገዛ ራሱ ይርጋን አንሥቶ ክሱን እንዳይዘጋ ይከለክለዋል። ባለዕዳው ራሱ በችሎት ቀርቦ «ጊዜው አልፏል» ማለት አለበት። ይህን ድንጋጌ ባሰብሁት ቍጥር ሕግ አውጪው ነገሩን ለባለዕዳው ኅሊና የተወለት ይመስለኛል። ተበድሮ መብላቱን የሚያውቅ፥ መክፈልም የሚችል ሰው ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ሊከብደው ይገባል። ያመነው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሟልና።

ዳሩ ግን ከሳሹ ያበደረው ሰው ባይሆንስ? ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ አገር በክሬዲት ካርድ ዕዳ ላይ ነው። በዚያ አገር ባንኩ ሊሰበስበው ያልቻለውን ዕዳ ብዙ ጊዜ ለነጋዴ ይሸጠዋል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ዕዳ ገዢዎች ለ1 ዶላር ዕዳ የከፈሉት በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር፤ ያረጀው ዕዳማ ከዚያም የረከሰ ነው። ገዢው ግን የሚጠይቀው ሙሉውን ዶላር ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ባለዕዳ፥ ይርጋው ቢያልፍም እንኳ፥ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ይርጋው ካለፈ በኋላ ባለዕዳው አፍሮ ጥቂት ዶላር ቢከፍል፥ በአንዳንድ ግዛቶች ሕግ የክሱ ዘመን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቆጠርበታል። እንግዲህ ዝም ያለው ነጻ ሲወጣ ያፈረው ይከሰሳል ማለት ነው።

በእኛም ሕግ በቁጥር 1851 ዕዳን ማመን ወይም ከፊሉን መክፈል ይርጋን ያቋርጣል። ይህ ግን ዘመኑ ገና ሳያልቅ ሲሆን ተገቢ ነው፤ ከፊሉን የከፈለ ሰው ባለገንዘቡን «ታገሠኝ» ብሎታልና፥ በታገሠ ሊጎዳ አይገባም። የሞተን ክስ በ10 ዶላር ማስነሣት ግን ኅሊናን መቅጣት ነው እላለሁ።

የኒው ዮርክ ግዛት በ2021 ባወጣው ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ የክሱን ዘመን ከ6 ዓመት ወደ 3 አሳጠረ፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ክፍያም ሆነ የእምነት ቃል ክሱን እንዳያድሰው ደነገገ። ይህ ለአታላይ የተሰጠ ምሕረት ነው የሚል አይጠፋም፤ በእርግጥም አታላዩ ይጠቀምበታል። ነገር ግን በዚህ ሕግ ጥላ ሥር መክፈል የሚፈልግ ድኻ ያለ ፍርሃት በየወሩ የአቅሙን ሊከፍል ይችላል። ዕዳውን በ4 ሳንቲም ገዝቶ ዶላር ለሚጠይቀው ነጋዴ ግን ያው ድኻ በችሎት «ጊዜው አልፏል» ብሎ ቢመልስለት፥ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።