የሙሽራዋ ምጣድ

ነቀምቴ አቅራቢያ ባለች አንዲት መንደር ሁለት እናቶች ተጎራብተው ይኖሩ ነበር፤ አንዷ ፈታይ፣ ሌላዋ ሸክላ ሠሪ። ሁለቱም ሙያቸውን ከእናቶቻቸው ወርሰው ለሴት ልጆቻቸው ያስተምራሉ። ፈታይዋ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ለሸማኔ ትሰጣለች። ጋቢውን የደረበ ሁሉ «እጇ ይባረክ» ይላታል።

ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካዋለች። ጀበናውንም ምጣዱንም በእጇ ብቻ ታበጃለች፤ ጥላ ውስጥ አድርቃ፣ በድንጋይ አለስልሳ፣ በእንጨትና በኩበት ትተኩሳለች። እሷን ግን «ቡዳ» ይሏታል። ቡና ሲጠጣ ስኒዋ ከደጅ ይደርሳታል። ቡናው የፈላው በእሷ ጀበና ነው።

ይህ ተረት ብቻ አይደለም። በወለጋም በሌላውም የአገራችን ክፍል ከሸክላ ሠሪ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት ነውር ተደርጎ ኖሯል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚሻ ሁሉ መሬት ፈቀደ፤ በጎረቤት ማዕድ የሚያስቀምጥ አዋጅ ግን አልወጣም። ሰው የበላበትን ዕቃ ሠሪ እንዴት ይጸየፋል? እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የፈታይዋ ልጅ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። በቅቤና በእርጎ የሚርሰው ጩምቦ ከመጋገሩ በፊት ትልቁ ምጣድ ተሰነጠቀ። እናት ወደ ጎረቤቷ ሮጠች።

«ምጣድ አታጪም፤ ገንዘብም አልፈልግ» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ሙሽራዋ ግን ትምጣና ከልጄ ጋር ታቡካ።»

ሙሽራዋ መጣች። የመጀመሪያው ምጣዷ እሳት ውስጥ ፈነዳ፤ ሁለተኛውም። እጇ ተላልጦ፣ ወገቧ ተቆርጦ አለቀሰች። ሦስተኛው እስኪደርቅ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ እንዝርቷን አቀበለቻት፤ የዚያችም ክር በየስንዝሩ ይበጠስ ጀመር። ሁለቱ ልጃገረዶች ተሳሳቁ። በመጨረሻ የወጣውን ምጣድ በጎመንዘር አብረው አሟሹት።

በሠርጉ ዕለት ሸክላ ሠሪዋና ልጇ መጥተው እንደ ልማዳቸው ከደጅ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ «ቡናቸውን እዚያው አድርሱላቸው» አሉ።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ነበረባት። ተነሣች። ምጣዱን ከምድጃው አንስታ ደጅ አወጣችው፤ ተመልሳ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ገንቦውን አወጣች።

«ምን ሆነሻል?» አሏት።

«እነሱ የማይገቡበት ቤት እጃቸው የሠራው ለምን ይገባል?»

ቤቱ ውስጥ ጉልቻና እሳት ብቻ ቀረ። እናትየው ልጇን አልከለከለችም፤ ጋኑ ስለከበዳት ልታግዛት ተነሣች። ሽማግሌው ባዶውን ምድጃ አዩ። የተቀመጡበትን አጎዛ ራሳቸው ይዘው ደጅ ድረስ ሄዱ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ፤ እዚህ ላይ ተቀመጪ።»

«እኔስ ለምጄዋለሁ፣ አባቴ» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «መጀመሪያ ልጄን ያስገቡልኝ።»