«በነፃ» እና «ነፃ»

ባለፈው ሰሞን በማደሪያ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ጓደኛዬ ዋጋው የማይቀመስ የሙዚቃ ፕሮግራም ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ ደርሶት ይሠራበታል። እኔ ደግሞ ጊታሬን በሽቦ ከኮምፒዩተሬ አገናኝቼ «ጊታሪክስ» በተባለ ነፃ ሶፍትዌር እጫወታለሁ፤ ማጉያው፣ ዲስቶርሽኑ፣ ኤኮው ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። «እኔም ሳንቲም አልከፈልኩ፣ አንተም አልከፈልክ። ታዲያ ምንህ ነው የሚያኮራህ?» አለኝ።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአንድ ፔዳል ዋጋ የስንት ወር የኪስ ገንዘባችን እንደሆነ እናውቃለን። ይሁንና ልዩነቱ ዋጋው ላይ አይደለም። «በነፃ» ማለት ሳይከፍሉ ማግኘት ነው፤ «ነፃ» ማለት ግን ያልታሰረ ማለት ነው። የጓደኛዬ ፕሮግራም ቢሰበርም ውስጡ ዝግ ነው፤ እንዴት እንደተሠራ አይታይም። የኔው ከነኮዱ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ይባዛል። ፈቃዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አሻሽለህ ለሌላ ስትሰጥ ኮዱንም አብረህ ስጥ፣ አንተ ያገኘኸውን መብት አትንፈገው። ይህ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ደቦ እኮ ነው!

«ፈልሳፊውስ ምን ይብላ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው የኤፍኤም ድምፅ አሠራር በ1977 ፓተንት ተሰጠው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያማሃ በፈቃድ ወስዶ በ1983 ዲኤክስ-7ን አወጣበት፤ ዩኒቨርሲቲውም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አገኘ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጫወተው በዚሁ መሣሪያ ነበር። በአንጻሩ ሮማኒያዊው ናስካ ኦክታቪያን ፖል በ2002 ዚን-አድ-ሰብ-ኤፍኤክስ የተባለውን ሲንተሳይዘር ከነኮዱ ለሁሉም ለቀቀው። ሁለቱም ሙዚቃን ጠቅመዋል። አንዱን ስግብግብ፣ ሌላውን ጻድቅ ልል አልደፍርም። እኔ ግን የሁለተኛው ባለዕዳ ነኝ።

ዕዳ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚሁ ሲንተሳይዘር የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ እየነካካሁ የአንቺ ሆዬን ቅኝት ክራር ላይ ወደሚሰማው አቀረብኩት፤ ከፒያኖ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምምና። ብዙ ሌሊት ፈጀብኝ። ያው ጓደኛዬ ሰምቶ «እንዴት አደረግኸው?» ቢለኝ፣ «እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ነው» አልኩት። ዋሸሁ! ስለ ደቦ የሰበክሁት እኔ ነኝ እንግዲህ። ፈቃዱ አይከሰኝም፤ የሚመለከተው ፕሮግራሙን እንጂ በሱ የሠራሁትን ድምፅ አይደለም። ኅሊናዬ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለመሆኑ ቅኝቱን ከማን አገኘሁት? በሰፈራችን ክራር ሲመቱ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ከሰማኋቸው ሽማግሌ። እሳቸው ምን አስከፈሉኝ? እሳቸውስ ከማን ተማሩት?

በነፃ የመጣ ነገር ዕዳ የለበትም ማለት ስሕተት ነው። ለሰጡን ሰዎች መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለንም፤ አንዳንዶቹን ከነጭራሹ አናውቃቸውም። የሚጠይቀን ሰው ግን ሁልጊዜ አጠገባችን አለ። ሕግ የማያስገድደውን ማድረግ ነው የነፃ ሰው መለያው።

ትናንት ማታ ፋይሉን ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ አሠራሩንም አሳየሁት። የተሰበረውን ፕሮግራሙን አልተወም፤ ያ ከገዛ ኅሊናው ጋር የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። የኔን ግን ጨርሻለሁ። እናንተስ፣ «አላውቅም» ብላችሁ የደበቃችሁት ምን አለ?