መልአኩ መጀመሪያ ያመጣው እንጎቻ ነው

የዛሬው ንባባችን 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነው። ከቁጥር 1 እስከ 18 እቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለሚከብዳችሁ ልጆች ያንብቡላችሁ፣ ረጅም አይደለም።

ኤልያስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እሳት ሲያወርድ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ ብቻውን ቆሞ 450 የበኣል ነቢያትን ያሳፈረው ኤልያስ። እኛ ሰባኪዎችም እሱን ነው የምንወደው፣ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ይመቻል። ምዕራፍ 19 ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ይመስላል። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብላ ላከችበት፣ እሱም ፈርቶ ሸሸ። ከኢይዝራኤል ተነሥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ይሁዳ ምድር ቤርሳቤህ ድረስ ሄደ። ይሄ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር አያንስም። ከካኩማ እስከ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንግዲህ ከዚያ በላይ በእግር ማለት ነው። ከዚያ አብሮት የነበረውን ልጅ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ በረሃ ገባ። አንድ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና መኖር በቃኝ፣ ልሙት ብሎ እግዚአብሔርን ለመነ።

ይሄን የለመነው የማያምን ሰው አይደለም። ነቢይ ነው። እኛም ጋ እንዲህ የሚለምን ሰው ብዙ ነው፤ ጮክ ብሎ አይለምነውም እንጂ። በተለይ በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ ጉዞ ከቆመ ወዲህ እናንተም ታውቃላችሁ። ሜዲካል ጨርሶ፣ ፍላይት ጠብቆ፣ ጎረቤት ተሰናብቶ የነበረ ሰው አለ። ድስቱንም አልጋውንም ሸጦ ጨርሷል። አሁን መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛል፣ ሰው አገኘኝ ብሎ ሲመሽ ብቻ ነው የሚወጣው። "እስካሁን አልሄድክም?" የሚለውን ጥያቄ ፈርቶ ነው። (ይሄን ጥያቄ ብንተወው ደስ ይለኛል። የሄደ ሰው እዚህ አይገኝም፣ ምን ይጠየቃል?)

እንዲህ ያለውን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ምን እንላለን? እምነትህን አጠንክር እንላለን። አንዳንዱ ደግሞ ገና ከበር ሳይገባ ይሄ መንፈስ ነው ይላል። እኔ ጸሎትን አልቃወምም፣ የተጠራሁበት ነው። ግን እስቲ መልአኩን እዩት። ኤልያስን አልገሠጸውም። ትናንት እሳት ያወረድክ ሰውዬ ዛሬ ምን ሆንክ አላለውም። ነካ አድርጎ ቀሰቀሰው፣ እንዲበላ ነገረው። እንጎቻው በፍም ተጋግሯል፣ ውሃው በማሰሮ ራስጌው ተቀምጧል። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ተወው፣ ይተኛ አለ። ከዚያ ሁለተኛ ቀስቅሶ ደግሞ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው አለው። እግዚአብሔር ከኤልያስ ጋር የተነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ እንደገና ምግብ፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ንግግር። ይሄን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። ሥጋንም ነፍስንም የሠራ አምላክ የቱ ቀድሞ እንደሚጠገን ያውቃል።

ስለ ምግቡ ላንሣ። ልባችሁ የተሰበረ ሰው ምግብ እንደሚያስጠላው አይታችኋል። አንዳንዱ ምግብ ስላስጠላው ይተወውና ጾም ላይ ነኝ ይላል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይሄ ጾም አይደለም። ጾም የሚጾመው መብላት እየቻለና እየፈለገ ለጸሎት ብሎ የተወ ሰው ነው። ኀዘን አፍህን ዘግቶት ከሆነ አንተ የሚያስፈልግህ እንጎቻ ነው። ባትራብም በሰዓቱ ትንሽ ቅመስ። ክኩን ቀቅል፣ ጨው ጨምርበት፣ ውሃ ጠጣ። በዚህ ሙቀት ውሃ ያልጠጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ይዞረዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ የሰው ሁሉ ጥፋት ይመስለዋል።

"ወንጌላዊ፣ ሬሽኑ ተቀንሶ ምኑን እንብላ?" የምትሉኝ አላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። ወሩ ሳያልቅ ማሽላው ያልቃል፣ እኔም ቤት ያልቃል። ለዚህ ነው መልአኩን የምወደው፤ ብላ ብሎ ብቻ አልሄደም፣ ይዞ ነው የመጣው። እንግዲህ ጎረቤትህ ሦስት ቀን ጭስ ካልወጣበት ቤት ስትገባ ባዶ እጅህን አትግባ። አንድ ጭልፋ ክክ ይበቃል። አንድ ብርጭቆ ሻይም ይበቃል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ክፈት።

እንቅልፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን በጣም የጎዳን እሱ ነው። ሌሊት ስልክ እንነካካለን። ኬዛችን ተለውጦ እንደሆነ እናያለን፣ ከአገር ቤት የመጣ የጦርነት ቪዲዮ እናያለን፣ ከዚያ ደግሞ ኬዙን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ስለተነካ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። በቀን አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ እያለ፣ ከተቻለ ሰው ጎን ተቀምጠህ እየው። መጥፎ ዜና ቢሆን ብቻህን አትሆንም። ሲመሽ ስልኩን ከራስጌህ አርቀው፣ ባትሪውም ይተርፍሃል።

ሌላው ቡና ነው። እኔ ቡና አልነካም፣ ቡና የሌለው አበሻ ደግሞ አይታየኝም። ግን ማታ ከራት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን እስከ ሦስተኛው ጠጥተን ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮ ብንቆጥር ጠላት ነው አንበል። ቡና ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ አለ። ስለዚህ ጠዋት ይሁን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። (ኬንያ ውስጥ ስንት ነገር ግር ቢለንም በስዋሂሊ ሰዓቱ እንደኛው መቆጠሩ ደስ ይላል።) ጫት ደግሞ እንቅልፍንም ምግብንም አንድ ላይ ይወስዳል። ጭንቀቴን ያስረሳኛል የምትል ወንድሜ፣ ያበደረህን በነጋታው ከነወለዱ ነው የሚቀበልህ። አንድ ቀን ዝለለውና እንቅልፍህን እይ።

ሌሊት ልብህ ደረትህን እየደበደበ ብትነቃስ? ተነሥተህ ቁጭ በል። አየር በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ከዚያ እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈርህን አጥብበህ ካስገባኸው ረዘም አድርገህ አውጣው። አሥር ጊዜ ያህል። ልብ ቀስ በቀስ ትሰክናለች። እኔ ሳስወጣ "አባት ሆይ" እላለሁ፣ ሌላ ቃል አልጨምርም። ረጅም ጸሎት ለጠዋት ይደርሳል።

ጠዋት ግን ውጡ። ቀን ሙሉ ተኝቶ የዋለ ሰው ማታ እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል? ኤልያስም ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ሄደ፣ እግሩ ሠራ። ሙቀቱ ሳይመጣ ላጋውን ተከትሎ ግማሽ ሰዓት መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። መራመድ ያቃተው ደጁን ይጥረግ፣ ውሃ ይርጭበት። አቧራው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ አውቃለሁ። እኔም በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ በየቀኑ ይመለሳል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ነገር ሠርቻለሁ ብሎ የሚቀመጥ ሰው እና ምንም አልሠራሁም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አንድ አይደለም። እግዚአብሔርም ኤልያስን በኮሬብ አልተወውም፣ ሥራ ሰጠው። አዛሄልን ቅባ፣ ኢዩን ቅባ፣ ኤልሳዕን ቅባ ብሎ ላከው። ኤልሳዕ ደግሞ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ጓደኛም ሆነው።

ስለ ጓደኛ ካነሣን፣ እግዚአብሔር እዚያ ዋሻ ውስጥ ኤልያስን ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው። ማወቅ አቅቶት ነው? አይደለም፣ ሊያናግረው ነው። ኤልያስም ሆዱን ባዶ አደረገ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ አለ። ሁለተኛ ሲጠየቅም ያንኑ መልስ ቃል በቃል ደገመው። እግዚአብሔርም ይሄን ነግረኸኛል አላለውም። እኛ ግን የአንድ ሰው ኀዘን ሁለተኛ ስንሰማ ይሰለቸናል። እስቲ ቁጭ ብለን እንስማ፣ መፍትሔ ባይኖረንም። ቡናው ለዚህ ነው። በኋላ ደግሞ ብቻዬን ነኝ ያለው ሰው 7,000 ሰው እንዳለ ተነገረው። አንተ ብቻህን አይደለህም ጣሪያውን የምታየው፤ አጠገብህ ያለው ብሎክም አላንቀላፋም።

አሁን አንድ ነገር ልናገርና ቅር የሚለው ቅር ይበለው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጭውውት ተሞክሮ ሁለት ሳምንት አልፎ ሰውዬው ያው ከሆነ፣ ወይም እህታችን ልሙት ማለት ከጀመረች፣ ወይም ሌላው የማይሰማ ድምፅ የሚሰማት ከሆነ፣ ክሊኒክ ውሰዷት። ልሙት ያለውን ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁት፣ ያኑ ቀን ነው፤ ብቻውንም አትተዉት። ካውንስለር ማናገር እምነት ማጣት አይደለም። መድኃኒት ተሰጥቶት የሚውጥን ሰው አገልጋይ ነኝ ብሎ አቁም የሚል ቢኖር አትስሙት። ጳውሎስ በመጨረሻው እስር ላይ ሳለ ማን ነበር አብሮት የቀረው? ሉቃስ ነው፤ ሉቃስ ደግሞ ሐኪም ነው። እዚያው 2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ላይ ሌላም አለ። ያን ሁሉ ራእይ ያየ ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ፣ መጻሕፍቱንም አምጣ፣ ክረምት ሳይገባ ድረስልኝ ብሎ ይለምናል። ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ሰው። ይሄን መጠየቅ እሱን ካላሳፈረው እኛን አያሳፍረንም።

እኔን የምትፈልጉ፣ እናንተ መምጣት ባትችሉ ልጅ ላኩብኝ። ለምን እንደሆነ ለልጁ መናገር የለባችሁም፣ ወንጌላዊ ይምጣ ይበለኝ፣ ይገባኛል። ጠዋት ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ኒም ዛፍ ሥር ሦስት አራት ሰው ሆነን እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ሻይ አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ከቦኖ ስትመለሱ እለፉ፣ ጀሪካኑን ጥላው ላይ አሳርፉት።