በሐዘን ቤት መሳቅ ይነቀፋልን?

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው የበጉን ብዛት ሳያስተውል አያልፍም። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ ይበረታል፤ ከመንጋው ኋላ ባና ተከናንበው የሚሄዱት እረኞችም አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናት ናቸው። ባለፈው የገና ሰሞን አንድ የቁምስናችን ምእመን የትውልድ ቤታቸውን እንድንጎበኝላቸው ስለ ጋበዙን በዚሁ መንገድ ሄድን።

በቤቱ የተቀበሉን አሮጊት እናታቸው የመጨረሻ ልጃቸውን በጦርነት ካጡ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ጥቁር ልብሳቸውን ገና አላወለቁም። ምሽት ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ሙስሊም ጎረቤታቸውም እንደ ልማዳቸው መጥተው ሳለ፣ ከደሴ የመጣው የልጅ ልጃቸው ስልኩን በመሶቡ ላይ አስደግፎ ለታናናሾቹ ፊልም ከፈተላቸው። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ የሚገኘው አርድማን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ ሾን ስለሚባል በግ የሚናገር አስቂኝ ፊልም ነበር። እርግጥ «የሚናገር» ማለታችን ትክክል አይደለም፤ ፊልሙ አንዳችም የሰው ቋንቋ የለበትም። በጎቹ ይጮኻሉ፤ ገበሬው ያጉተመትማል፤ ውሻው ያላዝናል።

ሾንና ባልንጀሮቹ የየዕለቱ ኑሮ ስለ ሰለቻቸው አንድ ቀን ዕረፍት ለማግኘት ይመኛሉ። በጎች አጥር ሲዘሉ የሚቆጥር ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል የሚል አባባል በእንግሊዞች ዘንድ አለ። ስለዚህ በጎቹ በገበሬው ፊት ተራ በተራ አጥር ይዘላሉ፤ የዘለለው በኋላ በኩል ዞሮ መጥቶ እንደ ገና ይዘላል። ገበሬው ዐይኑ እየከበደ ሄዶ እንቅልፍ ጣለው። በዚህ ጊዜ ሕፃናቱ ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤቲቱም፣ እኛም፣ ዕድሜአቸውን በሙሉ በግ ሲያረቡ የኖሩት እኚህ እናትም በአንድነት ሳቅን። እርሳቸው ግን ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ከመካከላችን ወደ ነበሩት ካህን ዘወር አሉና፣ «አባ፣ ልጄ አፈር ለብሶ እኔ በበግ ጨዋታ ልሳቅ? ኃጢአት አይሆንብኝም?» ሲሉ ጠየቁ።

ካህኑ እግዚአብሔር የልባቸውን ሐዘን እንደሚያውቅ ነግረው አጽናኗቸው። መልሱ መልካም ነበር፤ ሆኖም ጥያቄው ከዚያ የበለጠ መልስ የሚሻ መስሎ ስለ ታየን በዚህ እትም ላይ ልናነሣው ወደድን።

ሳቅን መጠራጠር በቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ለሚያለቅሱት ብፅዕናን ሲሰጥ አሁን ለሚስቁት ግን ወዮታን ተናግሯል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ስድስተኛ ስብከት ጌታ ሲያለቅስ በወንጌል እንደምናገኘው፣ ሲስቅ ግን የትም እንደማናገኘው ያስታውሳል። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ቅዱሱ ይህን የተናገረው በአንጾኪያ፣ ሕዝቡ ጸያፍ ጨዋታ ወደሚታይባቸው ቲያትር ቤቶች ይጎርፍ በነበረበት ዘመን ነው። ደግሞም ያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በእርጅናዋ ወራት ወልዳ የሳቀችውን ሣራን ያሳየናል፤ የልጇም ስም ይስሐቅ ከሳቅ የመጣ ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ ነገር በስፋት መርምሮታል። በዚያም ስለ ወንጌላዊው ዮሐንስ ሲተረክ የኖረ ታሪክ ይጠቅሳል። ሐዋርያው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩት ሰዎች ቅር ተሰኙ። እርሱም ቀስት ከያዙት አንዱን ፍላጻ እንዲወረውር አዘዘው። ሰውዬው ደጋግሞ ከወረወረ በኋላ ዮሐንስ ይህን ያለ ማቋረጥ ማድረግ ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም ቀስቱ ይሰበራል አለ። የሰውም አእምሮ ከውጥረቱ ካልላላ እንዲሁ ይሰበራል ሲል ሐዋርያው መለሰ። ቶማስ በዚህ ሳይወሰን፣ ራሱ ደስ የማይሰኝና የሌላውንም ደስታ የሚከለክል ሰው ከምክንያታዊነት የራቀ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። ስለ ሐዘን መድኃኒት በጻፈበትም ስፍራ ደስታን፣ ዕንባን፣ የወዳጅን አብሮ ማዘን፣ እውነትን ማሰላሰልን፣ እንዲያውም እንቅልፍንና ገላ መታጠብን አብሮ ይቆጥራል። ዕንባና ደስታ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ቶማስ ጨዋታን ያለ ወሰን አልለቀቀውም። ጨዋታው ጸያፍና ሰውን የሚጎዳ እንዳይሆን፣ ለሰውየው፣ ለጊዜውና ለስፍራውም የተገባ እንዲሆን ይሻል። እንግዲህ አንድ ሳቅ ሲቀርብልን፣ የዚህን ሳቅ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ወታደሮቹ ለጌታ የእሾህ አክሊል ደፍተው በፊቱ ተንበርክከው ሲሳለቁ እነርሱም ስቀው ነበር። ዛሬ በየስልኩ የሚዘዋወረው «ቀልድ» ብዙው ከዚህ ወገን ነው፤ የወደቀ ሰው፣ የሚንተባተብ ሰው፣ የገጠር ሰው አነጋገር መሳቂያ ይሆናል። ሌላውም ደግሞ አባት ልጁ ስትገባ በድንጋጤ የሚያጠፋው ዓይነት ነው። በአንድ ጣራ ሥር እያንዳንዱ ወደ ራሱ ስልክ አቀርቅሮ ለየብቻው ሲስቅ ማየትም እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ ከሳቅነቱ ይልቅ ብቸኝነቱ ያሳዝነናል።

በዚያ ምሽት ያየነው ግን የተለየ ነበር። የአምስት ዓመቱ ሕፃንና ሰባ ዓመት ያለፋቸው አያት በአንዱ ነገር፣ በአንድ ጊዜ ሳቁ። ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ማንም አልተዋረደም። የሥራው ዓይነት ራሱ ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም እንላለን። እንዲህ ያለው ፊልም በእንግሊዝኛው ስቶፕ ሞሽን ይባላል፤ ባለሙያው አሻንጉሊቱን በእጁ ጥቂት አንቀሳቅሶ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ እንደ ገና አንቀሳቅሶ ያነሣል። አንድ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚያገኘው ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የአርድማን ሰዎች ቀደም ሲል በታወቁባቸው ሥራዎች አሻንጉሊቶቹን የሠሩት ፕላስቲሲን ከሚባል ጭቃ መሰል ነገር ነበር። የቦረናና የሣይንት እረኞችም ከብት ሲጠብቁ በሬና በግ ከጭቃ ይሠራሉ፤ ያዋጓቸዋል፣ ያናግሯቸዋል። ሕፃናቱ ፊልሙን እንደ ባዕድ አለማየታቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

አገራችንም በዚህ ረገድ ባዶ አልነበረችም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ወላጅም አብሮ ያዳምጥ ነበር። በኋላም ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅታቸው በቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ብዙ ሕፃናትን አስተምረዋል። የወሎ በግና የወሎ እረኛ ያለበት ፊልም ለማየት መመኘታችን ግን አልቀረም።

በታሪኩ ውስጥ ለካቴኪስቶች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በበጎቹ ተንኮል ምክንያት ገበሬው ሳያስበው ወደ ከተማ ይወሰዳል፤ ራሱንም ተመትቶ የትላንቱን ሁሉ ይረሳል። በጎቹም ተጸጽተው ሊፈልጉት ይወጣሉ። በሉቃስ ምዕራፍ 15 እረኛው የጠፋውን በግ ይፈልጋል፤ እዚህ በጉ የጠፋውን እረኛ ይፈልጋል። ንጽጽሩን ከዚህ ማለጠጥ አይገባም፤ የእኛ እረኛ አይረሳምና። ነገር ግን ሾን ጌታውን አግኝቶ በደስታ ሲቀርበው ገበሬው እንደማያውቀው ሰው ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። እኚህ እናት፣ «የገዛ በጉን ሳያውቀው!» አሉ። በጎቻቸውን አንድ በአንድ በመልካቸው የሚለዩ ናቸውና ነገሩ ልባቸውን ነካው። ዕንባቸውንም አየን። ቀደም ሲል የሳቁትና አሁን ያለቀሱት በአንዱ ልብ ነበር።

የወሎ ሰው ይህን ከመጻሕፍት አልተማረም። በለቅሶ ቤት የሚያድሩ ጎረቤቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መጀመሪያ አብረው ያለቅሳሉ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ሐዘንተኛውን ያጫውቱታል፣ የሟቹን ቀልድ እያነሡ ፈገግ ያሰኙታል፣ እህል እንዲቀምስ ያግባቡታል። ይህን የሚያደርጉት ሟቹን ስለ ናቁ አይደለም። ሐዘንተኛውም ፈገግ ማለቱ ክህደት ተብሎ አልተቆጠረበትም። ጠዋት ካህኑ ይህንኑ ሲያስታውሷቸው፣ «እሱስ፣ እኔም ስንቱን አጫውቻለሁ» አሉ።

ፊልሙ ሳያልቅ የስልኩ ባትሪ አልቆ ስለ ነበር ሁላችንም ሳንጨርሰው አድረን ነበር። ልንሰናበት ስንነሣ እናቲቱ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ያ ሰውዬ ኋላ በጉን አወቀው?» አሉት። «አወቀው እማማ» አላቸው። «እንዴት አድርጎ?» መብራት ገና አልመጣም ነበር። ልጁም ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ በቃሉ ይተርክላቸው ጀመር።